እናቷን አይተህ ልጇን ውሰድ

በመቱም ሆነ በጎሬና በያዮ ድመት እምብዛም አትሸጥም፤ ትለመናለች። የበቆሎው ምርት ጎተራ ሲገባ አይጥም አብሮ ይገባልና ያኔ የጎረቤት ደጅ ይንኳኳል። «እትዬ፣ ድመትዎ ወለደች አሉ፤ አንዷን ይስጡኝ።» «ግቢና ምረጪ፣ ልጄ።» መራጯ ጎንበስ ትልና ዝንጉርጉሯን ታነሳለች። ምርጫው አለቀ፤ ስህተቱም እዚያው ተጀመረ። ቀለም ስለ አንዲት ድመት ከሁሉ ያነሰውን ነው የሚነግረን።

ለትዳር «እናቷን አይተህ ልጇን አግባ» ይባላል። ምክሩ ለድመት ይበልጥ ይሠራል። እናትየዋ እንግዳ ሲገባ ምን ታደርጋለች? አራስ ናትና ትንሽ ብትቆጣ አያስነቅፋትም፤ ባለቤቷ ሲጠሯት ግን ጅራቷን አቁማ ወደ እግራቸው መጠጋት አለባት። ቀጥሎ ልጆቿ የት እንዳደጉ ጠይቁ። ከሁለተኛው እስከ ሰባተኛው ሳምንት ድመት ወዳጇን ከጠላቷ የምትለይበት ጊዜ ነው። በዚያ ጊዜ ቡና ሲፈላ አጠገብ የነበረች፣ ልጆች ያቀፏት፣ የሙቀጫ ድምፅ የለመደች ድመት ዕድሜዋን ሙሉ የቤት ሰው ናት። መጋዘን ጥግ ሰው ሳይነካት ያደገችው ግን ወተት ብታቀርቡላትም ዓይኗ በር በሩን ያያል። «ድመት መንኩሳ ዐመሏን አትረሳ» የሚባለው ዐመል በአብዛኛው የሚያዘው በእነዚህ ሳምንታት ነው።

ብዙ ሰው ቶሎ እንድትለምደው ብሎ ገና ዓይኗን እንደገለጠች ይወስዳታል። ድመት ዓይኗን የምትገልጠው ከ7 እስከ 14 ቀን ባለው ጊዜ ነው፤ ከእናቷ መለየት ያለባት ግን ቢያንስ በ8 ሳምንቷ ነው። ሥራቸውን የሚያከብሩ አርቢዎች 12 ወይም 13 ሳምንት ይጠብቃሉ። ሰጪው ዕድሜዋን በትክክል ካላስታወሰ ዓይኗ ይመሰክራል። ድመት ስትወለድ ዓይኗ ሰማያዊ ነው፤ ቀለሙ መለወጥ የሚጀምረው አብዛኛውን ጊዜ 6 ወይም 7 ሳምንት ሲሞላት ነው። ገና ሰማያዊ ከሆነ እናቷ ጡት ላይ ተዉአት።

እነዚያ ተጨማሪ ሳምንታት ትምህርት ቤቷ ናቸው። እናት መጀመሪያ የሞተ አይጥ ታመጣለች፤ ቆየት ብላ ነፍሱ ያልወጣውን፤ በመጨረሻም ራሳቸው እንዲይዙት ፊታቸው ትለቅላቸዋለች። ከእህት ከወንድሞቿ ጋር ስትላፋ ደግሞ ንክሻዋን መመጠን ትማራለች። ስለዚህ ለጎተራው ጠባቂ የሚፈልግ ሰው ከቀለሟ በፊት «እናትየዋ አይጥ አምጥታላቸው ታውቃለች?» ብሎ ይጠይቅ።

አሁን ልጇን አንሱ። ጆሮዋ ውስጥ የቡና አተላ የመሰለ ጥቁር ፍርፋሪ ካለ የጆሮ ቅንቅን ይዟታል። ድዷ ሮዝ መሆን አለበት፤ የነጣ ድድ ቁንጫ ደሟን እየመጠጠ መሆኑን ሊጠቁም ይችላል። እርጥብ ነጭ ጨርቅ ላይ አድርጋችሁ ፀጉሯን አበጥሩት፤ የወደቀው ጥቁር ነጥብ ከቀላ የቁንጫ ኩስ ነው። ጎኗ ቀጥኖ ሆዷ ብቻ ከተነፋ «ጠግባለች» አትበሉ፤ ትል ይሆናል። ሌሎቹ ሲሯሯጡ ጥግ ይዛ የተቀመጠችውንም «ይቺ ጨዋ ናት» ብላችሁ አትምረጧት፤ ታማ ሊሆን ይችላል።

አዲስ አበባ ሄዶ «የዘር ድመት» የሚገዛ ሰው ሌላም መመዘኛ ያስፈልገዋል። በተለይ «አቢሲኒያን» የሚለው ስም አያታልላችሁ። የእንግሊዝ ጦር በ1868 እ.ኤ.አ. ከመቅደላ ዘመቻ ሲመለስ ዙላ የምትባል ድመት ከአገራችን እንደተወሰደች ጎርደን ስቴብልስ በ1874 ባሳተመው መጽሐፍ ተጽፏል። ዝርያውን ያበጁት ግን እንግሊዞች ናቸው፤ የዘረ መል ጥናትም ሥሩን ወደ ሕንድ ውቅያኖስ ዳርቻ ይመራዋል። መለያዋ በእያንዳንዱ ፀጉሯ ላይ ፈዛዛና ደማቅ ቀለም እንደ ቀለበት መፈራረቁ ነው። ስለዚህ ቡናማ ድመት ሁሉ አቢሲኒያን አይደለችም።

ዘር መቁጠር ለእኛ እንግዳ ነገር አይደለም። የድመት አርቢም እናትና አባቷን፣ አያትና ቅድመ አያቷን በወረቀት ይቆጥራል፤ ወረቀቱ የሚጠቅመው ለጉራ ሳይሆን ዘመዳሞች እንዳይዳቀሉ ነው። በአቢሲኒያን ዝርያ ቀስ በቀስ የሚያሳውር የዓይን በሽታና ደም የሚያሳንስ የዘር ችግር ይታወቃሉ፤ ሁለቱም በዘረ መል ምርመራ ይለያሉ። ጨዋ አርቢ የወላጆቿን ውጤት ሳይጠየቅ ያሳያል። እናቷን አላሳይም፣ መንገድ ላይ ላስረክባችሁ የሚለውን ትታችሁ ሂዱ።

የጥሩ ሰጪ ትልቁ ምልክት ግን እሱው መልሶ መጠየቁ ነው። «ቤታችሁ የአይጥ መርዝ ታደርጋላችሁ?» ካለ ሥራውን ያውቃል፤ መርዝ የበላው አይጥ የበላችውን ድመት ሊገድላት ይችላልና ድመትና መርዝ አንድ ጎተራ ውስጥ አያድሩም። «በጾም ምን ታበሏታላችሁ?» ካለም ዐዋቂ ነው። የድመት ሰውነት ታውሪን የተባለውን ንጥረ ነገር በበቂ መጠን አይሠራም፤ የምታገኘው ከሥጋና ከዓሣ ነው። ሁዳዴን 55 ቀን በሽሮ ፍትፍት ማሳለፍ ለእኛ ጽድቅ፣ ለእሷ ጉዳት ነው። ወጡ ውስጥ ያለው ሽንኩርት ደሟን ይጎዳል፤ የላም ወተትም ብዙ ድመቶችን ያስቀምጣል፤ ንጹሕ ውኃ ይበቃታል። «3 ወር ሲሞላት ታስከትቧታላችሁ?» የሚለውንም ጠብቁ፤ የእብድ ውሻ በሽታ ስሙ በውሻ ይጠራ እንጂ ድመትም ታስተላልፈዋለች። ሴት ከሆነች ደግሞ ከ4 ወሯ ጀምሮ ልትፀንስ ስለምትችል የልጆቿ ነገር ካሁኑ ይታሰብበት።

ከዚህ ሁሉ በኋላ «ካልተስማማቻችሁ ሜዳ ላይ አትጣሏት፤ ለእኔው መልሱልኝ» የሚል ሰው ካገኛችሁ ደጁን አትርሱ። ከወር በኋላ ገበያ ላይ ስትገናኙ ሰላምታው ሳያልቅ «ድመቷስ?» ይላችኋል።