ላክቴትና የጤና ጣቢያ ደጃፍ፦ በሴፕሲስ ትንበያ ጥናቶች ላይ የቀረበ ሂስ

በሴፕሲስ ተይዘው ወደ ድንገተኛ ክፍል ከሚመጡ ሕሙማን መካከል የትኛው እንደሚጠናበት አስቀድሞ ለማወቅ በደም ውስጥ ያለውን የላክቴት መጠን መለካት ከሃያ ዓመታት በላይ ሲወደስ ቆይቷል። ውዳሴው መሠረተ ቢስ አይደለም። ይሁን እንጂ የተመሠረተባቸው ጥናቶች እስከ መጨረሻው ተነብበዋል ለማለት ያስቸግራል።

በስፋት ከሚጠቀሱት አንዱ ሻፒሮና ባልደረቦቹ በቦስተን ከተማ በ1,278 ሕሙማን ላይ አካሂደው በ2005 እ.ኤ.አ. ያሳተሙት ነው። የላክቴት መጠናቸው ከ2.5 ሚሊሞል በሊትር በታች ከነበረው 4.9 በመቶ፣ ከ2.5 እስከ 4 ከነበረው 9 በመቶ፣ 4 እና ከዚያ በላይ ከነበረው ደግሞ 28.4 በመቶ ሞተዋል። መሰላሉ ያምራል፤ ዘወትር የሚጠቀሰውም እርሱ ነው። እምብዛም የማይነሣው በዚያው ጽሑፍ የሰፈረው ሌላ ቁጥር ነው፦ 4 የሚለው ወሰን ከሟቾቹ አስቀድሞ የለየው 36 በመቶውን ብቻ ነበር። ወደ ሁለት ሦስተኛ የሚጠጉት ሟቾች ሲገቡ ከወሰኑ በታች ነበሩ ማለት ነው። ከፍ ያለ ላክቴት ያስጠነቅቃል እንጂ ዝቅ ያለው ሕመምተኛን ወደ ቤት ለመመለስ ፈቃድ አይሆንም።

የላክቴት ከፍ ማለት ምክንያቱም አንድ አይደለም። ጽኑ ወባ፣ የሚጥል ሕመም፣ የጉበት ድክመት፣ አድሬናሊን ሁሉም ከፍ ያደርጉታል፤ ናሙናው ሳይመረመር ሲቆይም በብልቃጡ ውስጥ እንዳለ ይጨምራል።

እንግዲህ ጥያቄው ከዲላ ወደ ይርጋ ጨፌ በሚወስደው መንገድ ላይ ወደምትገኘው ጪጩ ይወሰድ። በወለደች በሦስተኛው ቀን ትኩሳት ይዟት፣ ትንፋሿ ፈጥኖ፣ አነጋገሯ ተዛብቶ ወደ ጤና ጣቢያ የመጣች እናት ብትኖር፣ የላክቴት መለኪያ በዚህ ደረጃ የተለመደ መሣሪያ አይደለም። ቢኖርስ ምን ይለውጣል? ላክቴቷ 1.8ም ይሁን 5፣ የመጀመሪያው አንቲባዮቲክ ሳይዘገይ ተሰጥቷት ወደ ዲላ መላክ ይኖርባታል። የትንበያ ጥናቶች ዋነኛ ጉድለት ይህ ነው፤ ማን እንደሚሞት ይናገራሉ፣ ባለሙያው ምን ያድርግ ለሚለው ግን ዝም ይላሉ።

ለዚህኛው ጥያቄ የቀረበው በ2019 እ.ኤ.አ. የታተመው አንድሮሜዳ ሾክ የተሰኘው ጥናት ነው። በላቲን አሜሪካ አምስት አገሮች 424 የሴፕቲክ ሾክ ሕሙማን በዕጣ ተከፍለው የግማሾቹ ሕክምና በላክቴት፣ የሌሎቹ ደግሞ ጣት ተጭኖ ሲለቀቅ ደም በሚመለስበት ጊዜ ተመራ። በ28 ቀን ከላክቴት ወገን 43.4 በመቶ፣ ከጣት ወገን 34.9 በመቶ ሞቱ። ልዩነቱ የስታቲስቲክስን መስፈርት ለጥቂት ስላላሟላ ጣት በለጠ ማለት አይቻልም። ላክቴት በልጧል ማለት ግን ከቶ አይቻልም። የተጠቀሙበትም መሣሪያ የመስታወት ስላይድ ነበር፤ በአመልካች ጣት ጫፍ ላይ ለ10 ሴኮንድ ተጭኖ ሲነሣ ቀለሙ ከ3 ሴኮንድ በላይ ከዘገየ የደም ዝውውሩ ታውኳል ይባላል። ወባ የሚመረምር ጤና ጣቢያ ስላይድ አያጣም።

ቁጥርን በፈሳሽ ለማውረድ መሯሯጥም የራሱ አደጋ አለው። በ2011 እ.ኤ.አ. በኡጋንዳ፣ በኬንያና በታንዛንያ በ3,141 ሕፃናት ላይ፣ በ2017 እ.ኤ.አ. ደግሞ በዛምቢያ በአዋቂዎች ላይ የወጡት ጥናቶች በፍጥነት የተሰጠ ብዙ ፈሳሽ ሞትን እንደጨመረ አሳይተዋል፤ በዛምቢያው 48.1 በመቶ በ33 በመቶ ላይ።

በ2021 እ.ኤ.አ. የወጣው ዓለም አቀፍ የሴፕሲስ መመሪያ ላክቴትንም የጣቱን ምርመራም ይመክራል፤ ሁለቱንም ግን በደካማ ምክርነት ነው። መለኪያው ባለበት ሆስፒታል ላክቴት ይለካ፣ ከሰዓታት በኋላም ይደገም። ከጪጩ የሚነሣው የሪፈር ወረቀት ግን የትንፋሽ ቁጥር፣ የንቃት ሁኔታ፣ የደም ግፊትና የጣቱ ሴኮንድ፣ እያንዳንዱ ከተለካበት ሰዓት ጋር፣ ሊሰፍርበት ይገባል፤ ተቀባዩ ሐኪም በመንገድ ላይ የባሰውን ካልባሰው የሚለየው በእነዚህ ነው።