ልብ አንጠልጣይ ታሪክና የአርባ ምንጭ አንባቢ

በአገራችን የሥነ ጽሑፍ ሰዎች ዘንድ የወንጀል ምርመራና የስለላ ልብ ወለድ ታሪክ አብዛኛውን ጊዜ የሚነሣው በንቀት ነው። ጊዜ ማሳለፊያ ነው፤ ከአንድ ሌሊት በላይ ዕድሜ የለውም፤ ተማሪውን ከትምህርቱ ያዘናጋል ይባላል። እኛም ራሳችን እንዲህ ብለን እናውቃለን። ይሁን እንጂ ወደ አርባ ምንጭ ወርደን ከመምህራን፣ ከተማሪዎችና ከመንግሥት ሠራተኞች ጋር ስለነዚህ መጻሕፍት በተጨዋወትን ጊዜ የሰማነው አስተያየት እኛ ተቺዎች ከምንሰጠው ፍርድ የጠለቀ ሆኖ ስላገኘነው ለአንባብያን ልናካፍል ወደድን።

አርባ ምንጭ ከአባያና ከጫሞ ሐይቆች በላይ፣ ሲቀላና ሴቻ በሚባሉ ሁለት ሰፈሮች ተከፍላ የተቀመጠች ከተማ ናት። በ1979 ዓ.ም. የውሃ ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት ሆኖ የተመሠረተው ትምህርት ቤት ዛሬ ዩኒቨርሲቲ ሆኖ ከየማዕዘኑ የመጣውን ወጣት ስለሚያስተናግድ፣ አንድ መጽሐፍ ከአንዱ መኝታ ቤት ወደ ሌላው ሲዞር ከርሞ ሽፋኑን አጥቶ ይገኛል። ሽፋናቸውን ካጡት መካከል ብዙ ጊዜ ያየነው ይስማዕከ ወርቁ በ2001 ዓ.ም. ያሳተመው «ዴርቶጋዳ» ነው። በጣና ገዳማትና በባሕር ማዶ የስለላ ድርጅቶች መካከል የሚመላለሰውን ይህን ታሪክ በአንድ ሌሊት እንደጨረሰችው የነገረችን ተማሪ፣ ምኑን እንደወደደችው በጠየቅናት ጊዜ «ገዳዩን ለማወቅ ብዬ አላነበብሁትም፤ የእኛም ሰው ዕውቀት እንዳለውና ዕውቀቱም እንደሚፈለግ ሲነገር መስማት ደስ ስለሚል ነው» አለችን።

ይህ አነጋገር ቀላል አይደለም። ኤድጋር አለን ፖ እ.ኤ.አ. በ1841 የመርማሪን ታሪክ ከጀመረ ወዲህ፣ በኮናን ዶይልም ሆነ በአጋታ ክሪስቲ ዘንድ፣ የተሰወረው ነገር ጥፋተኛው ነው። በእኛ ዘመን በአማርኛ ተወዳጅ በሆኑት መጻሕፍት ግን የተሰወረው ሀብት ነው፤ የአባቶች ጥበብ፣ የገዳም ቅርስ፣ የጠፋ ዕውቀት ነው። የዶክተር ዓለማየሁ ዋሴ «እመጓ»ም አንባቢውን ወደ መንዝ ይዞት የሚወጣው በዚሁ መንገድ ነው። ታሪኩ ፍለጋ እንጂ ክስ አይደለም። አንባቢውም የሚጠብቀው ፍርድ ሳይሆን ምሥራች ነው። እንዲህ ያለው መጽሐፍ የሚወደድበትን ምክንያት እንረዳለን፤ አንነቅፈውምም። ጉዳቱ ግን አለ፤ ምሥራች የሚጠብቅ ሰው ማስረጃ አይጠይቅም። ደራሲውም ይህን ስለሚያውቅ ነገሩ በጠበበው ጊዜ ሁሉ ስውር በር ይከፍታል፤ ወይም እስከዚያ ድረስ ስሙ ያልተነሣ አዳኝ ከሰማይ ያወርዳል።

በሲቀላ ያገኘናቸው አንድ የአማርኛ መምህር የሚያማርሩት ይህንኑ ነበር። «ደራሲው መልሱን ከኪሱ አውጥቶ ሲሰጠኝ ተታለልሁ እላለሁ፤ ከፊቴ አስቀምጦት ሳላስተውለው ያለፍሁ እንደ ሆነ ግን የምወቅሰው ራሴን ነው፤ መጽሐፉንም ደግሜ አነበዋለሁ» አሉን። ሮናልድ ኖክስ የተባለ እንግሊዛዊ ካህንና ደራሲ እ.ኤ.አ. በ1929 ለምርመራ ታሪክ ዐሥር ሕግጋት ሲያወጣ፣ መርማሪው ያገኘው ፍንጭ ሁሉ ወዲያው ለአንባቢው እንዲታይና ድንገተኛ አጋጣሚ መርማሪውን እንዳይረዳው አዝዞ ነበር። መምህሩ ይህን ጽሑፍ አላዩትም፤ ከማንበብ ብዛት ብቻ እዚያው ደርሰዋል። በዐፄ ኃይለ ሥላሴ ዘመን የምርመራ ልብ ወለድን በአማርኛ ካስለመዱት ደራስያን አንዱ የሆኑትን የአቶ ይልማ ሀብተየስን ስምም ያነሡልን እርሳቸው ናቸው፤ ተማሪዎቻቸው ግን አያውቋቸውም፤ መጻሕፍቱም በቀላሉ አይገኙም። አቶ ማሞ ውድነህ «የኦዴሳ ማኅደር» ብለው የተረጐሙት የፍሬድሪክ ፎርሳይት መጽሐፍ ግን እዚህም እዚያም ይታያል። በትርጉም መጻሕፍት ያደገ አንባቢ ፍንጭን በተራ የመጠበቅ ልማድ እንዳለው በጭውውታችን ታዝበናል።

ከሁሉ ይልቅ ያሳሰበን ግን ከጨንቻ ወገን የሆኑ አንድ ጡረተኛ የመንግሥት ሠራተኛ የተናገሩት ነው። እኒህ ሰው ልብ አንጠልጣይ መጽሐፍ ሳያነቡ አያድሩም፤ ሆኖም ጨርሰው በዘጉት ቁጥር ይቆጣሉ። ምክንያቱን ሲነግሩን «ገዳዩ ታወቀ፤ ፖሊስ ያዘው፤ መጽሐፉ አለቀ። የሟች ወንድምና የገዳይ ወንድም ግን በማግሥቱ አንድ ገበያ ይወጣሉ። የእኛ ሽማግሎች ሥራ የሚጀምረው መጽሐፉ በሚያልቅበት ገጽ ላይ ነው» አሉን።

ነገሩን ለመረዳት የጋሞን ባህል ጥቂት ማወቅ ያስፈልጋል። ወጉን የተላለፈ ሰው ጎሜ አለበት ይባላል። በሽታ ሲጸና፣ ዝናም ሲጠፋ፣ ከብት ሲያልቅ፣ ይህ የማን ጎሜ ነው ተብሎ ይጠየቃል። ነገሩ ተመርምሮ ጥፋት ሲገኝ ባለቤቱ ይናዘዛል፤ እርቅም ይወርዳል። የአገር ጉዳይ የሚነገርበትና የሚዳኝበት አደባባይ ዱቡሻ ነው። እንግዲህ እዚህም ምሥጢር አለ፤ ፍለጋ አለ፤ መገለጥም አለ። ልዩነቱ መገለጡ የመንገዱ እኩሌታ እንጂ መጨረሻ አለመሆኑ ነው። በመስከረም 2011 ዓ.ም. በቡራዩና በአካባቢው የጋሞ ተወላጆች በተገደሉ ጊዜ፣ በአርባ ምንጭ በቁጣ የወጣውን ወጣት ሽማግሎቹ እርጥብ ሣር ይዘው በፊቱ ተንበርክከው መመለሳቸውን አገር ሁሉ አይቷል። ይህን በዓይኑ ያየ አንባቢ የካቴና ድምፅ ሲሰማ ታሪኩ ተፈጸመ ቢሉት አለማመኑ አያስደንቅም።

ይሁንና የጡረተኛውን ቃል እንዳለ አንቀበለውም። የጥንቱ ሥርዓት የሚፈልገው ኑዛዜን ነው፤ የተጨነቀ ድኻ ደግሞ ያላደረገውን ሊናዘዝ ይችላል። በሌላውም የአገራችን ክፍል በአፈርሳታ ሕዝቡ ተሰብስቦ ጥፋተኛው እስኪታወቅ ሲጉላላ፣ ወይም ሌባ ሻይ መድኃኒት ጠጥቶ ከአንዱ ደጃፍ ሲወድቅ፣ ንጹሑ ከበዳዩ ጋር አብሮ ይጠፋ ነበር። የምርመራ ልብ ወለድ ትልቁ ውለታ ማስረጃ ያልቀረበበትን ሰው ጥፋተኛ አንልም የሚለውን ትዕግሥት ማስተማሩ ነው። አቶ ሣህለ ሥላሴ ብርሃነ ማርያም በእንግሊዝኛ በጻፉት «አፈርሳታ» በተባለው ልብ ወለዳቸው የቤት ቃጠሎን ምርመራ መነሻ አድርገው የመንደሩን ሸንጎና ኑሮ ማሳየታቸው፣ ሁለቱን ማገናኘት እንደሚቻል ያመለክታል። በአማርኛ ይህን መንገድ ተከትሎ የሄደ ብዙ አላየንም።

አንድ መጽሐፍ ግን ከዚህ ነቀፌታ ይወጣል፤ የበዓሉ ግርማ «ኦሮማይ» ነው። በ1975 ዓ.ም. የታተመው ይህ ታሪክ አስመራን፣ የቀይ ኮከብን ዘመቻና የስለላ መረብን ይዞ እንደ ማንኛውም ልብ አንጠልጣይ መጽሐፍ ይጐትታል፤ ይሁን እንጂ አንባቢው በመጨረሻ የሚከብደው ሰላዩ ማን እንደ ሆነ ማወቁ ሳይሆን ዘመቻው ያስከፈለው ዋጋ ነው። ደራሲው እንዲህ እንደኛ ያለ መጽሔት አዘጋጅ፣ ኋላም የመንግሥት ባለሥልጣን ነበር። መጽሐፉ ከገበያ ተሰበሰበ፤ እርሱም ከሥራው ተባረረ፤ በየካቲት 1976 ዓ.ም. ከቤቱ ወጥቶ አልተመለሰም። «ኦሮማይ» እ.ኤ.አ. በ2025 በእንግሊዝኛ ተተርጉሞ ለዓለም አንባቢ ሲቀርብ የደራሲው መቃብር ገና አልታወቀም ነበር። በአርባ ምንጭ ያነጋገርናቸው ሰዎች ስለዚህ መጽሐፍ ሲናገሩ ድምፃቸውን ዝቅ ማድረጋቸውን አስተውለናል፤ ዕድሜያቸው ለዚያ ዘመን የማይደርስ ወጣቶች ሳይቀሩ።

የሲቀላው መምህር እነዚህን መጻሕፍት ለተማሪዎቻቸው ያውሳሉ፤ በመጻሕፍቱ የተነሣ ከባልደረቦቻቸው ወቀሳ ቢደርስባቸውም አልተውም። አንብቦ የመለሰ ተማሪ ሁሉ ግን ወንጀለኛው ከተያዘ በኋላ ባለው ሳምንት የሆነውን በአንድ ገጽ ጽፎ እንዲያመጣ ያዝዛሉ። ጥቂቶቹን ደብተሮች አሳይተውናል። ፊደሉ የተጣመመ፣ ነጥቡም የተረሳ ነው። በብዙዎቹ ውስጥ ግን ደራሲው በመጽሐፉ ከነጭራሹ ያላነሣት የገዳዩ እናት አለች፤ በማለዳ ተነሥታ ወደ ሟች ቤት ትሄዳለች።