የፈላ ውሃው ዘር
ደብረ ታቦር አጠገብ፣ ጋፋት አቅራቢያ አንድ ግቢ፣ ጋዙ የደከመ የባዮጋዝ ጉድጓድ ልመረምር ሄጄ፣ ባለቤቷ «ልጄ፣ ያንን የፈላ ውሃ የሚችለውን ዘር አምጣልን፤ እሳት የቻለ የታኅሣሥ ውርጭ ያቅተዋል?» አሉኝ። ስለ ሜታኖፓይረስ ቀድሜ ያወጋኋቸው እኔው ነኝና ጥፋቱ የራሴ ነው። «እማማ፣ እዚህ ቢመጣ ይተኛብዎታል» አልኋቸው። አልተዋጠላቸውም።

ይህ ሚቴን ሠሪ ከባሕር ወለል የተገኘ ሲሆን የሚመቸው 98 ዲግሪ ገደማ ነው። ደብረ ታቦር ላይ ውሃ ገና በ91 ዲግሪ ግድም ይፈላል፤ ክፍት ድስት ጥጄ ላሞቀው ብልም አይበቃውም።

ፕሮቲን ሙቀት ሲበዛበት እንደ እንቁላል ነጭ እጥፋቱ ተፈትቶ ይረጋል። የዚህ ፍጥረት ኢንዛይሞች እንዴት ቻሉት? ተማሪ ሳለሁ አንድ ብርቱ ማሰሪያ እፈልግ ነበር። ፎርሚልትራንስፈሬዝ የተባለው ኢንዛይሙ ግን ሌላ ነገር አስተማረኝ። አንዱ ሰንሰለት ብቻውን አይሠራም፤ ሁለቱ ሲገጥሙ ይሠራሉ፣ ሙቀት ግን ይፈታቸዋል፤ አራት ሲሆኑ ነው የሚጸኑት። ገጻቸው እርስ በርሱ የሚገፋፋ ኔጌቲቭ ሙል የበዛበት ስለሆነ፣ እንዲገጥሙ ብዙ ጨው ያሻቸዋል። ጀማሪ ኢንዛይሙን ሲያጠራ ጨውን እንደ እድፍ አጥቦ ያወጣና የሞተ ፕሮቲን ይዞ ይቀራል። የሙያው ግማሽ ምን እንደማይታጠብ ማወቅ ነው።

ሚቴኑን በመጨረሻ የሚያወጣው፣ ኒኬል የተሸከመው ኢንዛይም ቅርጹ የታወቀው እ.ኤ.አ. በ1997 ነው። 98፣ 65 እና 37 ዲግሪ የሚመቻቸው ሦስት ሚቴን ሠሪዎች ኢንዛይም ጎን ለጎን ሲታይ አጣጣፉ አንድ ነው ማለት ይቻላል፤ ልዩነቱ ጥቃቅን ነው። ታዲያ ጽናት በነጻ አይገኝም። ኢንዛይም ሲሠራ መተጣጠፍ አለበት፤ ለ98 ዲግሪ የጠበቀው በ15 ዲግሪ ይገተራል።

ጋፋት ላይ ሙቀት ሲነሳ ሰው ሁሉ የሴባስቶፖልን መድፍ ምድጃ ያስባል። የእኔ ሙቀት የላም ሆድ ነው፤ 39 ዲግሪ። ከእበቱ ጋር ወደ ጉድጓዱ የሚገቡት ሚቴን ሠሪዎችም ያንን የለመዱ ናቸው፤ ደጋው ያቀዘቅዛቸዋል።

ጉልላቱ ላይ ጭድ ከመርንበት፣ እበቱን ትኩሱን፣ በቀትር ፀሐይ በሞቀ ውሃ እንዲበጠብጡ ተስማማን። ጋዙ ትንሽ ተሻሻለ። እማማ ግን ባገኙኝ ቁጥር «ያ እንቅልፋሙ ዘርህ ነቃ?» ይሉኛል።