የሰው ዘፈን በራስ ምት

«የሰው ወርቅ አያደምቅ» ይላል ተረታችን። ሆኖም የታወቁ ዘፈኖችን ወስደው በሬጌ ስልት የሚያዜሙ ድምፃውያን ይህን ተረት ደጋግመው ስለ ፈተኑት፥ ከመፍረዳችን በፊት ሥራቸውን ልንመረምር ይገባናል።

ሬጌ በጃማይካ የተወለደ ስልት ነው። «ዋን ድሮፕ» በሚባለው አመታቱ ከአራቱ ምቶች የመጀመሪያው ባዶ ይተዋል፤ የከበሮው ክብደት በሦስተኛው ላይ ያርፋል፤ ጊታሩም በሁለተኛውና በአራተኛው ይገባል። ስለዚህ አንድ ዘፈን ወደዚህ ስልት ሲሻገር የሚለወጠው ልብሱ ብቻ ሳይሆን አተነፋፈሱም ጭምር ነው።

ለዚህ ሁለት ምስክሮች እንጥራ፤ ዘመኑ በአውሮፓ አቆጣጠር ነው። አሜሪካዊው ዴቪድ ጌትስ ሟች አባቱን አስቦ የደረሰውንና ብሬድ የተባለው የሙዚቃ ቡድን በ1972 ያወጣውን «ኤቭሪቲንግ አይ ኦን»፥ ጃማይካዊው ኬን ቡዝ በ1974 በሬጌ ዘፍኖ በእንግሊዝ አገር አንደኛ ደረጃ አገኘበት። ብዙ ሰው የፍቅር ዘፈን ብቻ አድርጎ ይሰማዋል። እኛ ግን በኬን ቡዝ አዘፋፈን ውስጥ በምቶቹ መካከል የሚቀረው ዝምታ የሟቹ ባዶ ወንበር ይመስለናል። ሐዘኑ አልጠፋም፤ ጠልቋል።

ሁለተኛው ኒል ዳይመንድ ደርሶ በ1967 የዘፈነው «ሬድ ሬድ ዋይን» ነው። ቶኒ ትራይብ በ1969 ወደ ሬጌ መለሰው፤ የበርሚንግሃሙ ዩ ቢ ፎርቲ ደግሞ በ1983 ዘፍኖት በዓለም የታወቀ አደረገው። የቡድኑ አባል አስትሮ እንደ ተናገረው፥ የሚያውቁት የቶኒ ትራይብን ብቻ ነበር፤ «ኤን ዳይመንድ» የሚለውን የደራሲ ስም ሲያዩም «ንጉሥ ዳይመንድ» የተባለ ጃማይካዊ መስሏቸው ነበር። በራስ ተፈሪያውያን ዘንድ የከበረው የእኛው ቃል ለአንድ አሜሪካዊ ስም ሆነ ማለት ነው! አዘፋፈናቸው ጣፋጭ መሆኑን አንክድም፤ ነገር ግን ኒል ዳይመንድ በሐዘን የሚጠጣውን ወይን እነርሱ እየተወዛወዙ ይጠጡታልና፥ የተሰበረው ልብ ወዴት ገባ? ብለን እንጠይቃለን። ያም ሆኖ ደራሲው ራሱ ኋላ በመድረክ ላይ በእነርሱ ስልት ዘፍኖታል፤ አበዳሪው ተበዳሪ ሆነ።

እንግዲህ ተረታችን አልተሻረም። ወርቁን ተውሶ በአንገቱ ያንጠለጠለ አይደምቅም፤ አቅልጦ እንደገና የሠራው ግን አንጥረኛ ይባላል። የፊተኛውን አንጥረኛ ስም መጥራትም የኋለኛውን ክብር አይቀንስም።