ትውልድ ቆጣሪዎቹ

በደባርቅና በዳባት ደጋ፣ የገብስ ማሳ ክርክር በትውልድ ቆጠራ የሚበየንበት ዘመን ነበር። ርስት የሚጠይቅ ሰው መሬቱን መጀመሪያ ካቀናው አባት አንስቶ እስከ ራሱ ስም በስም ይወርዳል፤ አንድ ስም ከዘለለ ባላጋራው ወዲያው ይይዘዋል። ሴቶቹንም መዝለል አያዋጣም፤ ዘር በእናትም በአባትም ይቆጠራልና፣ ተድራ ወንዝ የተሻገረች ሴት የልጅ ልጅ ተመልሶ «ድርሻዬን» ይል ነበር። ሙግቱ ዕድሜ ይፈጃል፣ አንዳንዴም ደም ያፋስሳል፤ እሱን አላደንቅም። የሚደንቀኝ ፊደል ያልቆጠረ ገበሬ ሰባት ቤት ዘሩን ከነቅርንጫፉ በቃሉ መያዙ ነው። የ1967ቱ የገጠር መሬት አዋጅ ርስትን ሻረ። ዛሬ በይዞታ ደብተሩ ላይ የባልና የሚስት ፎቶ ጎን ለጎን ይለጠፋል፤ ለሚስቲቱ ትልቅ ዋስትና ነው፣ ቅድመ አያት የሚጠራ ሽማግሌ ግን አያስፈልገውም።