ፍሪቢኤስዲ በፕሮግራመር ኮምፒውተር ላይ

ፍሪቢኤስዲ በካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ በርክሌይ ከተሠራው ዩኒክስ የሚወለድ፣ በ1993 እ.ኤ.አ. የተጀመረ ነጻ ኦፐሬቲንግ ሲስተም ነው። ሊኑክስ በራሱ ከርነል ብቻ ነው፤ የቀረውን አዘጋጆቹ ከየቦታው ያሟሉለታል። የፍሪቢኤስዲን ከርነል፣ መሠረታዊ ትእዛዞችና ማኑዋል ግን አንድ ፕሮጀክት አብሮ ያዘጋጃቸዋል። ከሊኑክስ የመጣ ፕሮግራመር ቶሎ የሚወደው ይህን ሥርዓት ነው፤ በኋላ የሚጫኑ ፕሮግራሞች የራሳቸው ማውጫ ስላላቸው ከመሠረቱ ጋር አይደባለቁም።

ማኑዋሉ እዚያው ኮምፒውተር ላይ ስለሚገኝ አንኮበር ላይ ኔትወርክ ቢጠፋ እንኳ የአንድ ሲ ፋንክሽን ዝርዝር ይነበባል። ዜድኤፍኤስ የተባለው የፋይል ሲስተም አዲስ መረጃን በነባሩ ላይ ደርቦ አይጽፍም፤ ደብረ ብርሃን ላይ መብራት ድንገት ቢሄድ ያልተቀመጠው ሥራ ይጠፋል እንጂ ዲስኩ ላይ ያለው አይመሰቃቀልም። በዚሁ ዜድኤፍኤስ ከማሻሻያ በፊት የሲስተሙን ቅጂ መያዝ የሰከንዶች ሥራ ነው፤ ነገሩ ካልሠመረ ኮምፒውተሩ ሲነሣ የቀድሞው ይመረጣል። እጅግ የሚያስመሰግነውም ይህ ነው።

አማርኛ አይባስ በተባለው የመጻፊያ ፕሮግራም በኩል ይጻፋል። ለሙከራ የሚሆኑ የተነጠሉ ክፍሎችን የሚፈጥረው ጄይል ከ2000 እ.ኤ.አ. ጀምሮ አለ። አንዳንድ የዋይፋይ ካርዶች ስለማይሠሩ ግን ላፕቶፑን አስቀድሞ ማጣራት ያስፈልጋል፤ ሊኑክስን የሚፈልገው ዶከር የግድ ሲሆንም ሊኑክስን በቨርቹዋል ማሽን ማስነሣት ይቻላል።