የጊሻንዲ ተጫዋቹ ማመንታት፦ የጸሐፊ የውስጥ እንቅፋት በ«ሰይጣን በመስቀል ላይ»

ንጉጊ ዋ ቲዮንጎ በጊኩዩ ቋንቋ የጻፈው የመጀመሪያ ልቦለድ፣ «ሻይታኒ ሙዛራባኢኒ» ወይም «ሰይጣን በመስቀል ላይ»፣ የሚከፈተው ታሪኩን ለመናገር በሚፈራ ሰው ነው። ተራኪው የጊሻንዲ ተጫዋች፣ ማለትም ምልክት የተቀረጸበትን ቅል እያንሿሿ ግጥም የሚያወርድ ባለቅኔ ነው። ከኢልሞሮግ ሰዎች አንዳንዶቹ ነገሩ አሳፋሪ ስለሆነ ተሸፍኖ ይቅር ይሉታል፤ ሌሎቹ ዳግም እንባ ማፍሰስን ይፈራሉ። የዋሪንጋ እናት ጎሕ ሲቀድ መጥታ የልጇን ታሪክ እንዲናገር ስትማጸነው እንኳ ያመነታል፤ ይህን ለመናገር እርሱ ማን እንደሆነ ራሱን ይጠይቃል። ከእህል ከውኃ ተከልክሎ ሰባት ቀን ይቆያል።

ይህ መግቢያ ከቃል ሥነ ጥበብ የተወሰደ ማሳመሪያ ብቻ ተደርጎ ሊታይ ይችላል። መጽሐፉ የተወለደበት ሁኔታ ሲታሰብ ግን ማመንታቱ የተራኪው ብቻ እንዳልሆነ ይገለጣል። ንጉጊ ከንጉጊ ዋ ሚሪ ጋር የደረሰው የካሚሪቱ ተውኔት ከታገደ በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 1977 መጨረሻ ተይዞ ካሚቲ ወኅኒ ገባ፤ ልቦለዱንም በዚያ በሻካራ የመጸዳጃ ወረቀት ላይ ጻፈው። እጁን የሚያሟሽ ጀማሪ አልነበረም። አራት የእንግሊዝኛ ልቦለዶች አሳትሟል። ጀማሪ የሚጠራጠረው መጻፍ መቻሉን ነው፤ የንጉጊ ጥርጣሬ ግን በባዕድ ቋንቋ የተካነ ሰው በእናቱ ቋንቋ ፊት ሲቆም የሚሰማው ባይተዋርነት ነው።

የዚህ ባይተዋርነት ምንጭ «አእምሮን ከቅኝ ግዛት ማላቀቅ» በተሰኘው የ1986 መጽሐፉ ተመዝግቧል። በተማሪ ቤት ጊኩዩ ሲናገር የተገኘ ልጅ ይገረፋል፤ ወይም ደደብነቱን አለዚያም አህያነቱን የሚያውጅ ሰሌዳ አንገቱ ላይ ይንጠለጠላል። ጥፋተኛው የሚለየው በአንድ አዝራር ነው፦ አዝራሩን የያዘ ልጅ በአፍ መፍቻ ቋንቋው ሲናገር ለሰማው ጓደኛው ያስተላልፋል፤ ማታ ላይ ሰንሰለቱ ወደ ኋላ ተቆጥሮ ሁሉም ይያዛል። እዚህ ላይ ከግርፋቱ ይልቅ አዝራሩ ትኩረት ይሻል። ግርፋት ይረሳል፤ አዝራሩ ግን ልጁን በጓደኛው ላይ፣ ኋላም በገዛ አንደበቱ ላይ ሰላይ አድርጎ ያሠለጥነዋል። በጎልማሳው ጸሐፊ ውስጥ ተቀምጦ በዚህ ቋንቋ ልቦለድ አይጻፍም የሚለው ድምፅ የዚያ ሰላይ ተማሪ ድምፅ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም።

እንዲህ ያለውን እንቅፋት ቆራጥነት ብቻውን አይሽረውም። የጊኩዩ አጻጻፍ የአናባቢን እጥረትና ርዝመት፣ የድምፅንም ውጣ ውረድ በበቂ ሁኔታ አያሳይም ነበር። ንጉጊ ማታ እርግጠኛ ሆኖ የጻፈውን አንቀጽ በኋላ ሲመለስበት ሌላ ትርጉም ይዞ ይጠብቀዋል። የአማርኛ አንባቢ ይህን ችግር በቅርብ ያውቀዋል፤ «ገና» የሚለው ቃል በዓሉ ይሁን «ገና አልመጣም» የሚባለው፣ ፊደሉ ስለማያጠብቅ የሚለየው በዐውድ ብቻ ነው። የንጉጊም መፍትሔ ይኸው ነበር፦ ቃሉን በዓረፍተ ነገሩ፣ ዓረፍተ ነገሩን በአንቀጹ፣ አንቀጹንም ድርጊቱ በሚፈጸምበት ጊዜና ቦታ አጥብቆ ማሰር። ጥርጣሬው በዚህ መንገድ ወደ ሙያ ተለወጠ፤ በልብ ውስጥ የነበረው ፍርሃት በገጽ ላይ ሊታረም የሚችል ስሕተት ሆነ።

ልቦለዱ ደካማ የሚሆነውም እዚሁ ላይ ነው። ከሰባቱ ቀን በኋላ ምድር ትንቀጠቀጣለች፣ መብረቅ ይበርቃል፣ ተራኪው ወደ ቤቱ ጣሪያ ይነጠቃል፤ እንደ ነጎድጓድ ያለ ድምፅም ትንቢት የግል ንብረቱ አለመሆኑን እየገሠጸ ይነግረዋል። ትዕይንቱ ያማረ ነው። ይሁን እንጂ በካሚቲ ቀን በቀን የተደረገውን የፊደል ትግል በአንድ መብረቅ ይተካዋል፤ አንባቢውም ማመንታት በራእይ እንጂ በሥራ የሚወገድ አይመስለውም። ከመብረቁ የሚበልጠው ከእርሱ በፊት የተሰማው የብዙ ሰዎች ልመና ነው፤ ደራሲው ግን ቶሎ አልፎታል።

የተደራሲ ልመና ምን ያህል እንደሚመዝን ከኢትዮጵያ አንድ ሥራ ማስታወስ ይበቃል። ሣህለ ሥላሴ ብርሃነ ማርያም በቸሃ ጉራጌኛ የጻፈው «የሺነጋ መንደር» እ.ኤ.አ. በ1964 በዎልፍ ሌስላው ተርጓሚነት በእንግሊዝኛ ታተመ፤ ሰፊው ዓለም የሚያውቀውም በዚሁ ትርጉም ነው። ደራሲው ከዚያ በኋላ ልቦለዶቹን በአማርኛና በእንግሊዝኛ ጻፈ። ድፍረት አልጎደለውም።

የንጉጊ መጽሐፍ እ.ኤ.አ. በሚያዝያ 1980 ሲወጣ አሳታሚው ያዘጋጀው 5,000 ቅጂ ከሦስት እስከ አምስት ዓመት ይሸጣል ተብሎ የታሰበ ነበር፤ ዓመቱ ሳያልቅ ግን የታተመው 15,000 ደረሰ። በየቤቱ ማንበብ የሚችለው ለቤተ ሰቡ ጮኾ አነበበ፤ ሠራተኞች በምሳ ሰዓት ተሰብስበው አዳመጡ። በየመጠጥ ቤቱም መጽሐፉን ለታዳሚው የሚያነቡ ሰዎች ተገኙ፤ ታሪኩ ልብ የሚሰቅልበት ቦታ ሲደርስ አንባቢው ባዶ ብርጭቆውን አይቶ ያቆማል፣ እስኪሞላለትም ድረስ አይቀጥልም።